በበረኛውና በሰርቨሩ መካከል

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ወንበር ያልደረሰው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፤ ስልካችሁንም ለጥቂት ጊዜ ደፋ አድርጋችሁ አስቀምጡልኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ የፖሊስ ምርመራ ነው። የማሽን ነገር ይበዛበታል፤ ቢሆንም አትሽሹ። እኔን የገባኝ እናንተን አይጠፋችሁም።

ልብስ ሰፊዋን ያገኟት ሐሙስ ጠዋት ነው። ተደብቃ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሏል፣ የስፌት መኪናዋ ተገልብጧል፣ እሷ በመኪናውና በግድግዳው መካከል ተሸጉጣ በስሱ ትተነፍሳለች። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ባሏን መንገዱን ሳይሻገር ጎረቤቶች ይዘውታል። ማን መታት ለሚለው እንግዲህ ምርመራም አላስፈለገም፤ እጅ ከፍንጅ ነው።

ጥያቄው ሌላ ነበር። እንዴት አገኛት?

ይህን ጥያቄ የያዘው ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ጉልበቱን የሚያመው አንድ መርማሪ ነው። ባልደረቦቹ "ኢንስፔክተር እንዴት" ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ "እንዴት?" ሲል ስለሚውል። ሚስቱ ሳትቀር በጊዜ የገባ ቀን "እንዴት?" ብላ ትቀበለዋለች። ፈጣን ሰው አልነበረም። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ከገባው በኋላ ግን በመዶሻም አይወጣለት።

ባልየውን ጠየቀው። ባልየው "ሚስቴን ልጠይቅ ሄድኩ" አለና አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ማናገር ይሻላል።

የልብስ ሰፊዋን ማደሪያ እናቷም እህቷም አያውቁም ነበር። የምታውቀው አንዲት ቢሮ ብቻ ናት። ይህች ቢሮ ከሚደበድቧቸው ባሎች የሸሹ ሴቶችን ትደግፋለች። አሠራሯ እንዲህ ነው፤ በየማክሰኞው ከጠዋቱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እያንዳንዷ ሴት በስልኳ የቢሮውን ገጽ ከፍታ የት እንዳለችና ደህና መሆኗን ትጽፋለች። ያልጻፈች ካለች ሰው ይላካል። ልብስ ሰፊዋ ሰኞ ክፍል ቀየረች። ማክሰኞ ጻፈች። ሐሙስ ባሏ በሩን ገነጠለው።

ሌሎች አሥራ አንድ ሴቶች አሉ፤ እንደሷው የጻፉ። ቢሮው ለሁሉም ደወለ፤ አትውጡ፣ መጋረጃ አትክፈቱ፣ ወሬው ከየት እንደወጣ እስኪታወቅ ምንም አትጻፉ። አስቡት እስቲ፤ ከእስር ቤት ሸሽቶ ሌላ እስር ቤት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመርማሪው ረዳት፣ ሳያላምጥ የሚውጠው ሳጂን፣ አንዲት የቢሮው ባለሙያ ይዞ መጣ። ባልደረቦቿ "ባለቁልፏ" የሚሏት ወጣት ናት፤ የአራት ወር ሕፃን እናት። አለቃቸው ኮማንደሩ ደስ አለው። ለመርማሪውም፣ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አርባ ስምንት ሰዓቷ ስለሚሞላ እስከዚያ የክሱን ወረቀት አዘጋጅተህ አምጣ አለው።

"እንዴት እሷ ሆነች?" አለ መርማሪው።

"ከእሷ በቀር ማንም ሊሆን ስለማይችል ነዋ" አለ ኮማንደሩ። "አንተ ደግሞ ዛሬ እንኳ እንዴትህን ተዋት።"

*

አርብ ጠዋት መርማሪው ወደ ቢሮው ሄደ። የኔትወርክ ኃላፊው ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረ፣ ሲያስረዳ እስክሪብቶ የሚያሽከረክር ሰው ነው። ነጭ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሣጥን ፊትና ኋላ አድርጎ ሣለ። ሴቲቱ ስልኳ ላይ የምትጽፈው ነገር ገና ከስልኳ ሳይወጣ ይመሰጠራል፤ መንገድ ላይ የያዘው ሰው ቢኖር እንኳ የሚያየው ትርጉም የሌለው ፊደል ነው። እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው ሎድ ባላንሰር የሚባል ማሽን ነው።

"እኛ በረኛው እንለዋለን" አለ ኃላፊው። በረኛው ምስጢሩን ይፈታል፣ ያያል፣ ከኋላው ካሉት፣ የተጻፈውን ከሚያስቀምጡት ሁለት ሰርቨሮች ለአንዱ ያቀብላል። አንዱን ለዚህ፣ ቀጣዩን ለዚያ፣ ካርታ እንደሚያድል ሰው። ሥራው እንዳይበዛባቸው ነው።

መርማሪው ሣጥኖቹን ትክ ብሎ አያቸው። በጣቱም በሁለቱ መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ ነካት።

"እዚህ ጋስ? ከፈታው በኋላ?"

ኃላፊው ፈገግ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው አለ። ብዙ ቢሮ እዚህ ጋ ክፍቱን ይተወዋል፤ የገዛ ቤት ስለሆነ። ባለቁልፏ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በረኛውና ሰርቨሮቹ መካከልም ይመስጠር ብላ ቁም ስቅላችንን አሳየችን አለ። ያኔ ሰው ሁሉ ስቆባታል። በገዛ ሳሎናችን እንንሾካሾክ ወይ ያላት እሱ ራሱ ነው። ሦስት ሳምንት ጨቅጭቃ አሸነፈች። አሁን በረኛው የፈታውን መልሶ ቆልፎ ነው የሚያቀብለው፤ ያንን የሚፈታ ቁልፍ ያለው ሰርቨሮቹ ውስጥ ነው፣ ከሰው ደግሞ በእሷ እጅ ብቻ።

"ሰርቨሩ ጋ ከደረሰ በኋላስ?"

ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ፋይሉን መክፈት የምትችለው የጉዳይ ኃላፊዋ ናት። መዝገቡ እንደሚለው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የልብስ ሰፊዋን ፋይል የከፈተ ሰው የለም። የጉዳይ ኃላፊዋም ሁለቱን ቀን ሌላ ከተማ ችሎት ላይ ነበረች፤ መርማሪው ደውሎ አረጋገጠ።

"ስለዚህ መንገድ ላይ ነው የተነበበው" አለ ኃላፊው፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። "መንገዱ ላይ ደግሞ ቁልፉ አንድ ነው። እኔም አዝኛለሁ።"

መርማሪው ከወንበሩ ሲነሳ ጉልበቱ ጮኸ። ነገሩ እንደ ጭቃ ደረቱ ላይ ተለጠፈበት። ልጅቷ መንገዱን ባትቆልፈው ኖሮ ዛሬ ዐሥር ሰው ይጠረጠር ነበር። ስለቆለፈችው ብቻዋን ቀረች። በገዛ ቁልፏ ራሷን ዘጋች ማለት አይደል?

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ወንበር አቀረቡለት። ጋሽ ባትሪ ይሏቸዋል። ድሮ ይህ ቢሮ አንድ ማሽን ብቻ በነበረው ዘመን የማሽኑ ጌታ እሳቸው ነበሩ። ጊዜ ሲቀድማቸው፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹን የሚያቆዩትን የባትሪ ሣጥኖች እንዲጠብቁ ተደረገ። ቅሬታ የላቸውም። በቢሮው የተኳረፈ ካለ የሚያስታርቁ፣ የታመመ ካለ ቀድመው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ለመርማሪው ሻይ አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስለ ባለቁልፏም አነሱ። ይህች ልጅ እንኳን ሰው ትንኝ አትጎዳም አሉት። ትናንት ጣቢያ በር ላይ ሕፃኑን ለአያትየው ተሸክመውላቸው ነበር።

መርማሪው አመስግኗቸው ወጣ።

*

የጣቢያው ማቆያ ክፍል አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። ባለቁልፏ አግዳሚው ላይ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። በየሦስት ሰዓቱ እናቷ ሕፃኑን ያመጣሉ፤ ጠባቂዋ በር ላይ ቆማ ሰዓት እያየች ታጠባለች፤ ከዚያ ይወሰዳል። ልጁ ሲወሰድ የሚያለቅሰው ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ይሰማል። እዚያ ሲደርስ የብረት በር ይዘጋና ዝም።

የሳጂኑ ወረቀት ላይ "ማክሰኞ ከአራት እስከ አምስት የት እንደነበረች ተጠይቃ መልስ አልሰጠችም" ተብሎ በቀይ ተሰምሮበታል። መርማሪውም ጠየቃት። አንገቷን ደፋች።

መልሱን ያገኘው ውጭ፣ ከእናትየው ነው። ልጁን ትከሻቸው ላይ ጥለው በር ላይ ቆመው ነበር።

"ወንድሜ፣ እሷ አትነግርህም፤ እኔ ልንገርህ" አሉት። "በዚያ ሰዓት ዕቃ ቤት ቆልፋ ወተቷን ታልባለች። ለዚህ ልጅ ነው። ሌላ ቦታ የላቸውም። ለዚያ ለጎረምሳው ፖሊስህ ጡቴን ሳልብ ነበር ትበለው?"

መርማሪው ሁለት ሴት ልጆች አሳድጎ የዳረ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ ጆሮው ቀላ። ሰው የማያየው ዕቃ ቤት ምስክር አይሆንም። ዝምታዋ ግን ከየት እንደመጣ ገባው። ተመልሶ ገባና አግዳሚው ላይ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

"የኔ ልጅ" አለ፤ "እኔ ማሽን አላውቅም። ሁሉም ከአንቺ በቀር የሚፈታው የለም ይላል። እንዴት ነው? አለ ወይስ የለም?"

በጣቷ አግዳሚው ላይ መስመር እየሣለች አሰበች። ራሷን ለማዳን ሳይሆን ሒሳብ ለመሥራት እንደሆነ ያስታውቃል።

"የሚቆለፍበትን ቁልፍ ለበረኛው የሚያቀብለው ተቀባዩ ሰርቨር ነው" አለች። "እና በረኛው መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል። ሰርተፍኬት እንለዋለን፤ እኔ ማኅተም ያደረግሁበት ነው። መታወቂያው ትክክል ከሆነ ቆልፎ ይሰጣል።"

"ባይጠይቅስ?"

"ባይጠይቅማ ለማንም ቆልፎ ይሰጣል። ሌባ ቁልፉን ቢያቀብለው በሌባው ቁልፍ ይቆልፋል፤ ሌባው ይከፍተዋል። ከውጭ ሲያዩት ግን የተቆለፈ ነው።"

"ይጠይቃል ወይ?"

"እኔ ስተወው ይጠይቅ ነበር።" ቀና ብላ አየችው። "አሁንም የሚጠይቅ ከሆነ ግን፣ ኢንስፔክተር፣ እውነታቸውን ነው። ከእኔ በቀር ማንም አይችልም። እኔም ራሴ እኔ ነኝ ብዬ ለማመን ትንሽ ነው የቀረኝ።"

መርማሪው በሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። የታሰረ ሰው መውጫ በር ሲፈልግ አይቷል፤ በሩን ካገኘ በኋላ ተዘግቶ ከሆነ ተዘግቷል በሉኝ የሚል አላየም።

*

ለኃላፊው ደወለለት። ኃላፊው ጥያቄው ሳያልቅ መለሰ።

"ይጠይቃል እንጂ። እንዴት አይጠይቅም?"

መርማሪው ስልኩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ እጁ ላይ ያዘው። ጥያቄ ሳያልቅ የሚመጣ መልስ ቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ለሳጂኑ ነገረው። ሳጂኑ ወዲያው ኃላፊውን እንሠረው አለ። እንዲያ ነው ሳጂኑ፤ ያየውን ሁሉ ማሠር ይወዳል። መርማሪው ግን ኃላፊው ማክሰኞ የት እንደነበረ አጣራ። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ከቦርድ አባላት ጋር ስብሰባ ላይ ነበር፤ ስድስት ሰው አብሮት፣ አንድም ጊዜ ሳይነሳ። ኃላፊው የሚደብቀው ነገር አለው፤ የሚደብቀው ግን ይህን ላይሆን ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት ኮማንደሩ አራት ጊዜ ደወለ። በአራተኛው መርማሪው፣ ልጅቷን ወደ መሥሪያ ቤቷ ይዣት ልሂድ፣ ማሽኑን በአካል እንይ ብሎ ለመነ። ኮማንደሩ፣ ልብ አድርግ፣ አንዲት ቁልፍ ብትነካ ማስረጃው ተበላሸ ማለት ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ወረቀትህን ነው የምፈልገው ብሎ ፈቀደ።

ወሰዷት። የሰርቨሩ ክፍል መስኮት የለውም። ማቀዝቀዣው ይጮኻል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ በሩ በካርድ ካልሆነ አይከፈትም። ባለቁልፏ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ መሃል ላይ ቆመች፤ ሳጂኑ ከኋላዋ። ጋሽ ባትሪ ለመርማሪው ወንበር ይዘው ገቡ፤ እሷን ሲያዩ ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። "አይዞሽ ልጄ" አሏት።

ኃላፊው ዘገየ። እስኪመጣ ድረስ መርማሪው ክፍሉን ቢቃኝ የሚገባው ነገር አጣ። ከዚያ ባትሪው መደርደሪያ ላይ በክር የታሰረ አንድ ደብተር አየ። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንበብ የሚችለው ብቸኛ ነገር ነበርና መነጽሩን አድርጎ ማገላበጥ ጀመረ። የጋሽ ባትሪ የእጅ ጽሑፍ ለዓይን ደስ ይላል። ባትሪ የተለወጠበት ቀን፣ የጠፋው ማሽን፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የተነሳበት ሰዓት፣ ፊርማ። አንዲት ስርዝ የለም።

ኃላፊው መጣ፤ ላብ አጥምቆታል፣ በዚያ ብርድ። ባለቁልፏ እየነገረችው የበረኛውን ማሽን ከፈተ። ይህን ክፈት፣ ወደ ታች ውረድ፣ ቀጥል። ከዚያ አቁም አለችው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ነበር። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

"አይጠይቅም" አለች። "መታወቂያ አትጠይቅ ይላል። ማነው የቀየረው?"

ኃላፊው ክራቫቱን ፈታ። እኔ ነኝ አለ። አንቺ ልትወልጂ ሆስፒታል በገባሽበት እሑድ የሰርተፍኬቱ ጊዜ አለፈ። በረኛው መታወቂያችሁ አልፎበታል ብሎ ሁለቱንም ሰርቨሮች አልቀበል አለ። ገጹ ሁሉ ቆመ። እንዴት ምጥ ላይ ላለች ሴት እደውላለሁ? ለአንድ ቀን ብዬ ጥያቄውን አጠፋሁት። ገጹ ተነሳ። በሳምንቱ አዲስ ሰርተፍኬት አስገባሁ፤ ጥያቄውን መመለሱን ረሳሁት። ሐሙስ አንቺን ሲወስዱሽ ትዝ አለኝ፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም። በገዛ ሳሎናችን እንንሾካሾክ ወይ ያልኩሽ እኔ፣ የቆለፍሽውን የከፈትኩት እኔ። እንዴት ብዬ?

ሳጂኑ የእጅ ሰንሰለቱን አወጣ። መርማሪው በእጁ ምልክት አስቆመው።

"በሩን ክፍት መተው አንድ ነገር ነው" አለ፤ "መግባት ሌላ። ልጄ፣ ሌባ ይህን ክፍት ቢያውቅ እንዴት ይገባበታል?"

ሁለት ሰርቨር ነው ያለው አለችው። በረኛው የሚያውቃቸው በቁጥራቸው ነው። ሌባው አንዱ ሰርቨር ሲጠፋ የራሱን ማሽን በዚያው ገመድ ላይ ሰክቶ ቁጥሩን ቢሰጠው፣ በረኛው ያው የድሮው ነው ብሎ ያቀብለዋል። የሌባው ማሽን አንብቦ ለሌላኛው ሰርቨር ያሳልፋል። የምትጽፈው ሴት ምንም አይታያትም። ግን ሰርቨር በራሱ ተነስቶ አይጠፋም። ሆን ተብሎ ሲጠፋም በረኛው ወዲያው "ሁለተኛው ሞተ" ብሎ መዝገቡ ላይ ይጽፋል።

"ማክሰኞ ምን ጽፏል?"

ኃላፊው ፈለገ። ምንም። ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ሁለቱም ሰርቨሮች ሲመልሱ ውለዋል።

መርማሪው ደብተሩን አሁንም እጁ ላይ ይዞት ነበር። ቀስ ብሎ ነው አልኳችሁ ነገር የሚገባው። ገጹን ገለጠ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ ነዳ።

"እዚህ ደግሞ" አለ፣ "ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ሰርቨር፣ ባትሪ ለመለወጥ ከአራት ሰዓት ከአሥር እስከ አራት ሰዓት ከሃምሳ ጠፍቷል ይላል።" ገጹን ወደ ኋላ ገለበጠ። "ያለፈው ማክሰኞም። ከዚያ ያለፈውም። ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ባትሪ፣ ያው ማሽን፣ ያቺው አርባ ደቂቃ። የባትሪ ዕድሜ ስንት ነው?"

ኃላፊው ሦስት ዓመት አለ፤ ሳያስበው።

"የጠፋ ማሽን እንዴት ይመልሳል?"

ባለቁልፏ ዓይኗን ከስክሪኑ አንስታ የመደርደሪያው ጥግ ላይ ወዳለችው፣ ለሙከራ ትቀመጥ ወደነበረችው አሮጌ ማሽን ላከች። በዚያች ማሽን ከባለቁልፏ በፊት ሌላ ሰው ነበር የሚያዝባት። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጃኬት በሁለት ጣቷ ያዘችው።

"ጋሼ" አለች።

*

ጋሽ ባትሪ አልሮጡም። የት ይሮጣሉ? በሩ በካርድ ነው፤ ካርዱም ልጅቷ ትከሻ ላይ ባለው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነበር። ለመርማሪው ባመጡት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ።

ባልየው የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ነው። ገና ሲድህ ያውቁታል። አባቱ ሲሞት ልጄን አደራ ብሏቸዋል። ሦስት እሑድ ተከታትሎ ቤታቸው እየመጣ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ። ተጸጽቻለሁ፣ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃት፣ የት እንዳለች ብቻ ንገሩኝ አለ። ሽማግሌው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። ጥያቄው የጠፋበት እሑድ ከኃላፊው ኋላ ቆመው ነበር፤ በሩ ክፍት መቅረቱን ከሰው ሁሉ እሳቸው ብቻ ያውቁ ነበር። ሁለተኛውን ሰርቨር አጥፍተው አሮጌዋን ማሽን በቦታው ሰኩ፤ በመጀመሪያው ማክሰኞ የልብስ ሰፊዋ ጽሑፍ ለመጀመሪያው ሰርቨር ደረሰው፤ ለሳቸው አልደረሰም። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ዕጣው ወጣ። ለባልየው ነገሩት፤ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዘን አብረን እንሄዳለን ብለው ቃል አስገቡት። እሱ ሐሙስ ጠዋት ብቻውን ሄደ።

"ደብተሩ ላይ እንዴት ጻፉት?" አለ መርማሪው። ይሄኛው እንዴት በእርግጥም አልገባውም ነበር።

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩት። "ማሽን ጠፍቶ እንዴት አልጽፍም?" አሉ። "የባትሪ መዝገብ ነው እኮ።"

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል አርባ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሆነ አሏት። ልጅሽን ስሸከም እንኳ አልተናገርኩም። እሷ ጃኬቱን አውልቃ፣ በሥርዓት አጥፋ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

"ለማስታረቅ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "እንዲታረቁ ብዬ።"

"ሴትየዋን ጠይቀዋታል?" አለ መርማሪው።

"የት አግኝቼ?"

"ማክሰኞ አግኝተዋታል።"

ሳጂኑ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ሳይሆን፣ ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዞ አስነሳቸው።

*

ኮማንደሩ ወረቀቱን ከአሥር ሰዓት በፊት አገኘ፤ ሌላ ስም ያለበት ወረቀት። ለአሥራ አንዱም ሴቶች ተደወለ። አንደኛዋ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ስልኩን ሳትዘጋ መጋረጃዋን ገለጠች፤ የመጋረጃው ቀለበቶች ሲንሸራተቱ ደዋዩ ሰማ።

ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ ለባለቁልፏ ለቀቀላት፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም። መስመሯን መለሰች። በረኛው ጠየቀ፣ ሰርቨሮቹ መታወቂያቸውን አሳዩ፣ ተቀበላቸው። ከዚያ እናቷ ሕፃኑን ይዘው ወደሚጠብቁበት ወረደች። ልጁን በመርማሪው መኪና የኋላ ወንበር ላይ አጠባችው፤ መርማሪው ውጭ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጉልበቱን እያሸ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት የሚያይባት አልነበረም።

ቤትሽ ላድርስሽ ሲላት ሌላ ነገር ጠየቀችው። ለልብስ ሰፊዋ እንዴት እንዳገኛት የሚነግራት ማነው? እኔ ነኝ አለ መርማሪው። እኔ ልንገራት አለች። የጻፈችው እኔ ቆልፌዋለሁ ያልኩትን አምና ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ክንዷ በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጣለች። ባለቁልፏ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ የኃላፊውን እሑድ፣ የሽማግሌውን አርባ ደቂቃ፣ ወልጄ ስመለስ ተለውጦ ይሆን ብዬ ሳላይ መቅረቴ ደግሞ የራሴ ነው እስከሚለው ድረስ። ልብስ ሰፊዋ ጣሪያውን እያየች ሰማች። ስለ ማሽኑ ስንቱ እንደገባት አላውቅም።

"ከእንግዲህ ይጠይቃል?" አለች በመጨረሻ።

"ይጠይቃል። ማነህ ሳይል ለማንም አይሰጥም።"

"ማነው የሚያየው፣ መጠየቁን?"

"እኔ። በየማክሰኞው፣ ከአራት ሰዓት በፊት። ካልጠየቀ ገጹን እዘጋዋለሁ፤ ስልክ እደውልልሻለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጣቶቿን ዘረጋች። መርማሪው በር ላይ ቆሟል፤ አንድም ጊዜ "እንዴት" አላለም።

"እንግዲያ እጽፋለሁ" አለች። "በግራ እጄ ስለምጽፍ ግን ትንሽ ብዘገይ እንዳትደነግጪ።"

ታሪኩ ይኸው ነው ልጆቼ። እናንተም አንድ ቀን ሰው ፊታችሁ ያለቅሳል፤ ያሳዝናችኋል፤ ልታስታርቁ ትነሳላችሁ። መልካም ነው፣ ተነሡ። ብቻ አደራችሁን፣ እግራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ማንም ያልጠየቃትን ያችን ልብስ ሰፊ አንድ ጊዜ አስታውሱልኝ።